የበቆሎው ዘር፦ ስለ ሴት ልጆች ዕድገት ከተጻፉት የአፍሪካ ልብ ወለዶች

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፥ ጧት የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት እንዳበቃ፥ አንድ አባት በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው ወደ መምህራን ክፍል መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ መጽሐፉን ከፊታችን አስቀምጠው፥ «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ልጄን አባቷን እንድትንቅ ነው ወይ የምታስተምሯት?» አሉን። መጽሐፉን ለልጃቸው ያዋስናት እኛው ራሳችን ነበርን፤ ልጅቱ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እኚህ አባት የሰንበት ቅዳሴ የማያስታጕሉ፥ ልጆቻቸውን በወግ የሚያሳድጉ፥ በሰፈሩም የተከበሩ ሰው ስለ ሆኑ ጥያቄያቸውን በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም። የሰጠናቸውን መልስ ኋላ እንነግራለን። አስቀድመን ግን መጽሐፉ ምን እንደ ሆነና እርሱን የመሰሉትም ምን እንደሚናገሩ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፥ ይልቁንም ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች፥ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

መጽሐፉ የዚምባብዌዋ ደራሲ ወይዘሮ ጺጺ ዳንጋሬምብጋ የጻፉት «ኔርቨስ ኮንዲሽንስ» የተባለው ልብ ወለድ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በለንደን ታተመ፤ በሚከተለውም ዓመት ከአፍሪካ መጻሕፍት ተመርጦ የኮመንዌልዝን የጸሐፊዎች ሽልማት አገኘ። (የውጭ አገር መጻሕፍትን ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር፥ የአገራችንን ግን በራሳችን እንሰጣለን።) ታሪኩ የሚፈጸመው በ1960ዎቹ፥ አገሪቱ ገና ሮዴዥያ ትባል በነበረበትና ጥቂት ነጮች ብዙውን ሕዝብ በሚገዙበት ዘመን ነው።

ታምቡድዛይ የድኻ ገበሬ ልጅ ናት። ወላጆቿ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለሁለት ልጆች ማሟላት ስላልቻሉ፥ ወንድሟ እንዲማር፥ እርሷ ግን ከቤት እንድትውል ተፈረደ። አባቷም ሊያጽናኗት ብለው፥ ለሴት ልጅ ከፊደል ይልቅ ምግብ ማብሰልና አትክልት መትከል እንደሚበጃት ይመክሯታል። ይህን የሚናገሩት ከክፋት አይደለም፤ በዚያም አገር በእኛም አገር ብዙ አባቶች ከልባቸው አምነው የሚናገሩት ቃል ነው። ልጅቱ ግን ተቀምጣ ከማልቀስ ይልቅ አንድ ነገር ለመነች፤ የዘር በቆሎ ስጡኝ፥ ዘርቼ፥ ሸጬ፥ በራሴ ገንዘብ እማራለሁ አለች። አባትዬው ሣቁባት። እናቷ ግን ልጅቱ የጠየቀችው ከቤት የማይታጣ ነገር መሆኑን ለአባትየው አስረድተው ዘሩን አስፈቀዱላት።

ከዚህ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉን በኦሪት ዘኍልቍ የተነገረላቸው አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ናቸው። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተው ስለ ሞተ፥ በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር ፊት ቆመው ርስት ይገባናል አሉ፤ እግዚአብሔርም ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑን መሰከረላቸው። በልጅነታችን ይህን ክፍል ስንማር ስለ ርስት ሕግ ብቻ የተጻፈ ይመስለን ነበር። እነዚያ ሴቶች በዚያ ሁሉ ጉባኤ ፊት ለመቆም ምን ያህል ድፍረት እንዳስፈለጋቸው ያሰብነው፥ እውነቱን ለመናገር፥ የታምቡድዛይን ታሪክ ካነበብን በኋላ ነው።

ልጅቱ አያቷ ያርሱት የነበረውን ቁራሽ መሬት ማልዳ እየተነሣች ቈፈረች፥ ዘራች፥ አረመች፤ ከዚያ በኋላ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ትልቁ እርሻ ትወርድ ነበር። በቆሎው እሸት ሲሆን ግን ከማሳው መጥፋት ጀመረ። ሌባው ማን ነው? የገዛ ወንድሟ ነበር። እሸቱን እየሰረቀ በሰንበት ትምህርት ቤት ለባልንጀሮቹ ያድላቸዋል። ልጅቱም ይህን በሰማች ጊዜ እዚያው በሜዳው ላይ ተናነቀችው። የወንድሟ ስም ንሃሞ ነው፤ በሾና ቋንቋ መከራ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ደግ አስተማሪ በቆሎዋን እንድትሸጥ ኡምታሊ ወደምትባለው ከተማ ወሰዷት። አንዲት ነጭ ሴት ልጅቱን ባየች ጊዜ፥ ሕፃን ታሠራላችሁ ብላ አስተማሪውን በቍጣ ተናገረቻቸው፤ ነገሩን ሲያስረዷት ግን ዐሥር ፓውንድ ሰጠች። ገንዘቡ ለልጅቱ ትምህርት በርእሰ መምህሩ እጅ ተቀመጠ። አባትዬው ይህን ሲሰሙ፥ የልጄ ገንዘብ የእኔ ገንዘብ ነው ብለው ሊቀበሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ይህን ክፍል ለተማሪዎቻችን ስናነብላቸው ወንዶቹ ይሥቃሉ፤ ከሴቶቹ የሚሥቁት ጥቂቶች ናቸው።

እነሆ፥ እኚያን የሰፈራችንን አባት ያስቈጣቸው የመጽሐፉ መጀመሪያ ነው። ደራሲዋ ታሪኩን የሚጀምሩት ልጅቱ ወንድሟ በሞተ ጊዜ እንዳላዘነች ስትናዘዝ በማሰማት ነው። ይህ ለጆሮ ይከብዳል። የክርስቲያን ልጅ በወንድሟ ሞት አላዘንኩም ስትል መስማት እኛንም አስደንግጦናል። ዳሩ ግን መጽሐፉ ይህን እንደ በጎ ሥራ አያቀርበውም። እንዲህ ያለ ልብ በአንዲት ልጅ ውስጥ እንዴት እንደ በቀለ፥ ከበቆሎው ማሳ ጀምሮ አንድ በአንድ ያሳያል። ወንድሟ በመሞቱ ብቻ የትምህርቱ ዕድል ለእርሷ ተላለፈ። ሌላ ወንድ ልጅ ለትምህርት የደረሰ ቢኖር ኖሮ እርሷን የሚያስባት አልነበረም። ጥፋቱ የማን ነው? በሁለት ልጆች መካከል አንድ እንጀራ ጥለው ለአንደኛው ብቻ የሰጡ ወላጆች፥ ሌላይቱ ወንድሟን ለምን አልወደደችውም ብለው መጠየቅ ይችላሉን?

ከዚያ በኋላ ታምቡድዛይ ወደ አጎቷ ቤት ትሄዳለች። አጎትዬው ባባሙኩሩ ይባላሉ፤ ይህም ስም ሳይሆን የአባት ታላቅ ወንድም የሚጠራበት የአክብሮት ቃል ነው። በእንግሊዝ አገር የተማሩ፥ የሚስዮን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፥ ዘመዶቻቸውን ሁሉ የሚረዱ፥ ሥራ ወዳድ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አለመሆናቸው የመጽሐፉ ትልቁ እውነት ነው። ባለቤታቸውም እንደ እርሳቸው በዩኒቨርሲቲ ተምረው የማስትሬት ዲግሪ አላቸው፤ ነገር ግን ይህን ከዘመድ የሚያውቀው የለም፥ የሚጠይቅም አልተገኘም፤ ደመወዛቸውም ለቤቱ ይውላል። ልጃቸው ኛሻ፥ ስሟ ጸጋ ማለት ነው፥ በሕፃንነቷ እንግሊዝ አገር ያደገች ስለ ሆነች ሁለቱም ዓለም አልቀበል ይላታል። ከአባቷ ጋር ስለ ልብሷ፥ ስለ ንባቧ፥ ከጭፈራ ዘግይታ ስለ መምጣቷ ትጣላለች፤ አባቷ ይመቷታል፤ በመጨረሻም እህል አልቀበል ብሏት ከስታ ትታመማለች። በውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፥ በባዕድ አገር ያደጉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አገር ቤት ለዕረፍት ስትመጡ ያያችሁትን ነገር ከኛሻ ታሪክ ውስጥ ታገኙታላችሁ ብለን እናምናለን።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ደጋግመን ያነበብነው ስለ ሠርጉ የተጻፈውን ነው። የታምቡድዛይ ወላጆች ለብዙ ዓመታት አብረው የኖሩት በአገር ልማድ እንጂ በቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አልነበረም። በቤተ ሰቡ ላይ መከራ በተደጋገመ ጊዜ፥ አንዳንዶቹ በባህላዊ ሥርዓት እንንጻ ሲሉ፥ ባባሙኩሩ የለም፥ ወላጆቿ በቤተ ክርስቲያን ይጋቡ ብለው አዘዙ። መጀመሪያ ስናነብ፥ በዲቁና እንዳደገ ሰው፥ ልባችን ወደ አጎትዬው አደላ። በእኛም ዘንድ በሰማንያ ውል የተጋቡ ባልና ሚስት በስተርጅና በቍርባን ሲወሰኑ እልል ይባላል፤ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ዳሩ ግን የእኛዎቹ አረጋውያን በፈቃዳቸው፥ ከንስሓ አባታቸው ጋር ተመካክረው፥ ጾመውና ጸልየው ይቀርባሉ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ከወንድም ወደ ወንድም የወረደ ትእዛዝ ነው። ልጅቱም ይህን ስታይ ወላጆቿ መሣቂያ እንደ ሆኑ፥ እርሷም የተወለደችበት ቤት እንደ ነውር እንደ ተቈጠረ ተሰማትና፥ በሠርጉ ቀን ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። አጎቷ ዐሥራ አምስት ጅራፍ ገረፏት፤ ሁለት ሳምንትም የሠራተኛዋን ሥራ እንድትሠራ ፈረዱባት። ልጅቱ ቅጣቱን ተቀበለች እንጂ አሳቧን አልለወጠችም። ለቅዱስ ነገር ብለን በልጅ ላይ ጅራፍ ስናነሣ ልጅቱ የምታየው ቅዱሱን ነገር ነው ወይስ ጅራፉን? እኛ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ መልስ አለን ስንል፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲጠፋብን ኖረናል።

ከአፍሪካ ልብ ወለዶች መካከል የልጃገረድን ልብ ከውስጥ የሚያሳዩት የመጡት ዘግይተው ነው። ሃይኔማን የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ የአፍሪካ ጸሐፊዎችን ተከታታይ መጻሕፍት ማሳተም የጀመረው በ1962 ሲሆን፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወጡት ሁሉ በወንዶች የተጻፉ ነበሩ። ናይጄሪያዊቱ ፍሎራ ንዋፓ «ኤፉሩ» የተባለ መጽሐፋቸውን በ1966 በማሳተም ለሴቶች በሩን ከፈቱ። ከእርሳቸው አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1965 የኬንያው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ዘ ሪቨር ቢትዊን» የተባለውን አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሙቶኒ የምትባል የአንድ ሰባኪ ልጅ አለች። አባቷ የሴት ልጅ ግርዛትን እንደ አረማዊ ሥራ አጥብቀው ያወግዛሉ፤ እርሷ ግን ክርስቲያንም፥ እንደ እኩዮቿ የወገኗ ሴትም ለመሆን ትመኝና ከአባቷ ቤት ጠፍታ ትገረዛለች። ቍስሉ አልድን አላት፤ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደች፤ ሞተች። አባቷ መሞቷን ሲሰሙ አላለቀሱም፤ ከቤት የወጣች ዕለት ከልጅነት ሰርዘዋት ነበር። ከታሪኩ በስተጀርባ በ1929 በኪኩዩ አገር በሚስዮኖችና በሕዝቡ መካከል ስለ ግርዛት የተነሣው ብርቱ ጠብ አለ፤ ብዙ ሰዎች ከሚስዮኖቹ ተለይተው የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች የከፈቱትም ከዚያ የተነሣ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። ሙቶኒ ገና ልናውቃት ስንጀምር ትሞትብናለች፤ ደራሲውም ወደ ወጣቱ ጀግናቸው ወደ ዋያኪ ይመለሳሉ። ቢሆንም ለእኛ ወላጆች የሚበቃ ነገር በውስጡ አለ። ሰባኪው ያወገዙት ነገር በእውነት መወገዝ የሚገባው ነበር። ለአብርሃም የተሰጠው ግዝረት ለወንዶች ነው፤ ለሴት ልጅ ትእዛዝ የለም፤ በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቀጣበታል። ታዲያ ሰውዬው እውነቱን ይዘው ልጃቸውን እንዴት አጡ? በጕባኤ ፊት ሰበኩ እንጂ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው አልተነጋገሩም። የምትፈራውን፥ የምትመኘውን፥ ጓደኞቿ የሚሏትን አልጠየቋትም።

ስለ አለመነጋገር ካነሣን፥ የናይጄሪያዊቱን የቡቺ እሜቼታን «ዘ ብራይድ ፕራይስ» ሳንጠቅስ አናልፍም፤ በአማርኛ «ጥሎሽ» ብንለው ይስማማዋል። በ1976 ታተመ። ወይዘሮ እሜቼታ በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው የተዳሩና የአምስት ልጆች እናት የሆኑ ሴት ነበሩ። የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ባላቸው አቃጠሉባቸውና እንደ ገና ከመጀመሪያ ጻፉት። የታሪኩ ልጅ አኩ ና ትባላለች፤ ትርጓሜውም የአባት ሀብት ማለት ነው። አባቷ በሌጎስ ሲሞቱ ዕድሜዋ ዐሥራ ሦስት ነበር፤ እናቷም ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ኢቡዛ ወስደዋት የባላቸውን ወንድም አገቡ። አጎቷ ትምህርቷን እንድትቀጥል የፈቀዱላት የተማረች ልጅ ከፍ ያለ ጥሎሽ ታስገኛለች ብለው ነው። የተባረከ የሚመስል ነገር ምክንያቱ ሲገለጥ እንዲህ ያሳዝናል።

ልጅቱ የሴት ልማድ በመጣባት ጊዜ ለማንም አልነገረችም፤ ለምን ቢባል፥ የታወቀ ዕለት ለጋብቻ ደረሰች ይባላልና። ብቻዋን እየፈራች ደብቃ ያዘችው። በዚህ ነገር ላይ ለክርስቲያን እናቶች አንድ ቃል እንናገር። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅ በዚያ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከቅጽሩ ቆማ ትጸልያለች። ስለ ሥርዓቱ ለመከራከር አይደለም ይህን የምናነሣው። ነገር ግን ትላንት ከእናቷ ጎን ቆማ ታስቀድስ የነበረች የዐሥራ ሁለት ወይም የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፥ አንድ ቀን ድንገት ምክንያቱን በቅጡ ሳታውቅ ከደጅ ቅሪ ስትባል፥ ጐረቤትም እያያት ስታልፍ፥ ምን እንደሚሰማት ያሰበ ስንቱ ነው? አንዳንዷ ርኩስ ሆኛለሁ ብላ ታምናለች። በትምህርት ቤትም በወር ሁለትና ሦስት ቀን የሚቀሩ ልጆች አሉን፤ ስንጠይቃቸው ሆዴን አሞኝ ነው ይላሉ፤ የንጽሕና መጠበቂያ የሚገዙበት ስለሌላቸው መሆኑን ያወቅነው ከሴት መምህራን ሰምተን ነው። ኢየሱስ ክርስቶስ ከሞት ያስነሣት የኢያኢሮስ ልጅ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ነበር። ካስነሣት በኋላ ስለ እርሷ ያዘዘው የመጀመሪያ ነገር የምትበላው እንዲሰጧት ነው። እናቶችም አስቀድመው፥ ነገሩ ሳይመጣ፥ ቢነግሯት ምን ይጎዳል?

ወደ አኩ ና እንመለስ። ልጃገረዶች ተሰብስበው ጭፈራ በሚለማመዱበት ሌሊት የአንድ ጐረምሳ ወገኖች ጠለፏት። እርሷ የምትወደው መምህሯን ቺኬን ነበር፤ ነገር ግን የባሪያ ዘር ነው ተብሎ ተከልክላለች። ክብሯን አስቀድማ ለቺኬ እንደ ሰጠች በሐሰት ተናግራ ከጠላፊዋ እጅ ተረፈች፥ ከቺኬም ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሸሸች። ጥሎሹን ግን አጎቷ አልቀበልም አሉ፤ ልጅቱም በወሊድ ሞተች። የዚህ መጽሐፍ ፍጻሜ ብዙም ደስ አያሰኘንም፤ ጥሎሽ ያልተከፈለባት ሴት በወሊድ ትሞታለች የሚለውን የአገሩን ፍርሃት ያጸና ይመስላል። ደራሲዋ ግን ይህንኑ ያውቁታል፤ ከዚያ በኋላ የአኩ ና ታሪክ ልጃገረዶችን ለማስፈራራት ሲነገር እንደ ኖረ ይጽፋሉ። እኛም አገር ስለ ጠለፋ ስንት ተረት ተነግሮብናል! የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር፤ ይህ የተሻረው በ1996ቱ ሕግ ነው።

በዘመናችን ካሉት ደግሞ የናይጄሪያዊቱ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ «ፐርፕል ሂቢስከስ» በ2003 ወጣ። ይህን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ማስነበብ ያስፈራል፤ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። የካምቢሊ አባት ባለጸጋ፥ ለድኻ የሚመጸውቱ፥ በወታደሮች መንግሥት ፊት እውነት የሚናገር ጋዜጣ የሚያሳትሙ፥ ጸሎት የማያስታጕሉ ካቶሊክ ናቸው። በቤታቸው ግን ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይደበድባሉ። ልጅቱ አረማዊ ከሚሏቸው ከገዛ አባታቸው ጋር በአንድ ቤት ማደሯን ስለ ደበቀች፥ በእግሮቿ ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሱባት፤ ይህንንም ያደረጉት እያለቀሱ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ድምፅዋ ከጕሮሮዋ አልወጣ እስኪል ድረስ በፍርሃት ትኖራለች። አክስቷም እንዲሁ ካቶሊክ ናት፤ በእርሷ ቤት ግን በጸሎት መካከል ይዘመራል፥ ይሣቃል፥ ልጆች ይጠይቃሉ። ያው አንዱ ሃይማኖት በሁለት ቤት ሁለት መልክ ይዞ ይታያል።

እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት እርስ በርሳቸው ብዙ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ልጅቱን መንገድ የሚዘጋባት በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ የሚወዳት ሰው ነው። አባት ነው፥ አጎት ነው፥ ወንድም ነው፥ አንዳንድ ጊዜም እናት ናት። የሚዘጋባትም እጠብቃታለሁ ብሎ ነው። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ ወደ ዓለም የምትወጣው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው፤ ሴት ሆና በመንገድ መታየት አልሆነላትም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ሰብለ ወንጌል ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲጠበቅላት ዕድሜዋ በአባቷ አዳራሽ ያልፋል። ስለ ተቃራኒውም መመስከር ይገባል፤ በጎጃም የቅኔ መምህር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይናቸው ሳያይ፥ ከቅኔ መምህሩ አባታቸው ተምረው ስንቱን ወንድ ተማሪ ለማዕርግ አበቁ! አባትዬው ለሴት ልጅ ቅኔ ምን ያደርግላታል ቢሉ ኖሮ ስማቸውን ማን ይሰማ ነበር?

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆነ ሴቶች ከመቶው 40 ያህሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመትን ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። ይህን ሕግ እኛ እናውቀው ነበር። እናውቀው ነበር ብለን የምንጽፈው በምክንያት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፥ ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ፥ በአንድ የገጠር ወረዳ ስናስተምር፥ በስምንተኛ ክፍል በሒሳብ ወንዶቹን ሁሉ የምትበልጥ ልጅ ነበረችን። ዕድሜዋ ዐሥራ አራት ቢሆን ነው። በጥር ወር፥ ከጥምቀት በኋላ፥ ከክፍል ቀረች። በሦስተኛው ቀን አባቷ ራሳቸው መጥተው ለሠርግ ጠሩን። ምን አልን? እንኳን ደስ ያለዎ አልን። ሄድንም። ከክብር ቦታ አስቀመጡን፤ በላን፥ ጠጣን፤ የተማረ ሰው ነውና ይመርቅ ሲባልም ተነሥተን መረቅን። ሙሽራይቱ ተሸፋፍና በበቅሎ ስትወጣ አየናት፥ እርሷም አየችን። የሒሳብ ደብተሯ ለእርማት ከእኛ ዘንድ ቀርቶ ነበር። ከግማሽ በላዩ ያልተጻፈበት ስለ ነበረ ለታናሽ ወንድሟ ሰጠነው። ያን ጊዜ ነገሩ ቍጠባ መስሎን ነበር። ስለ ንሃሞና ስለ በቆሎው ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኚያ አባት በጥቅምት ወር በቍጣ በመጡ ጊዜም ልንቈጣቸው ያልቻልነው ስለዚሁ ነው።

ወላጆች እነዚህን መጻሕፍት ለልጆቻቸው እንዲሰጡ ስንመክር ሳያዩ ይስጡ ማለታችን አይደለም። የንጉጊና የእሜቼታ መጻሕፍት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት ይሆናሉ። የዳንጋሬምብጋንና የአዲቺን ግን ከፍ ላሉት፥ ወላጅ አስቀድሞ ካነበበው በኋላ መስጠት ይሻላል፤ በውስጣቸው ለሕፃን የሚከብድ ነገር አለና። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶች ልጃቸው በምሽት በአማርኛ እየተረከች እንድታሰማቸው ቢያደርጉ፥ ልጅቱ ቋንቋ ትማርበታለች፤ እናትም ልጇ የምትቈምበትን ቦታና የምትዘልለውን ገጽ ታያለች። በዚህ መልክ የጀመሩ ሁለት ሦስት ቤቶችን እናውቃለን፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይከራከራሉ አሉ።

ለእኚያ አባት የሰጠናቸው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። አልተከራከርናቸውም። ጊዜ ካለዎ ጥቂት ላንብብልዎ አልንና ስለ በቆሎው የተጻፈውን ክፍል በአማርኛ እየመለስን አሰማናቸው። ባርኔጣቸውን በጕልበታቸው ላይ አድርገው ጸጥ ብለው ሰሙ። ወንድሟ እሸቱን ሲሰርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባትዬው ገንዘቡን ሊቀበሉ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ ከሚለው ስንደርስ ግን አቋረጡን።

«መምህር፥ ዘሩን ያሰጠቻት እናቷ ናት ማለት ነው?»

«አዎን፥ እናቷ ናቸው» አልናቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፥ «እኔን ያስተማረችኝ ታላቅ እኅቴ ናት። እንቍላል እየሸጠች ደብተር ትገዛልኝ ነበር። እርሷ ፊደል አልቈጠረችም፤ ይማር እንጂ ትማር ያለ አልነበረም» አሉ። እኅታቸው በሕይወት እንዳሉ ጠየቅናቸው። አሉ፤ በገጠር ናቸው፤ በየዓመቱ ለገብርኤል ይጠይቋቸዋል።

የመማሪያ ደወሉ ተደወለ። መጽሐፉን አንሥተው በዚያው ጋዜጣ እንደ ገና ጠቀለሉት። ለልጄ ልመልስላት አሉ፤ ቀጥሎም፥ እርሷ ስትጨርስ ቀሪውን ለእኔም ታነብልኛለች አሉና ተሰናብተውን ሄዱ። መጽሐፉን እስከ ዛሬ አልመለሱልንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።